በድረ ገጽ ላይ የማስታወቂያ አቀማመጥና የአንባቢ ምቾት፦ በፊዚክስ መነጽር ሲታይ

መግቢያ

ጋዜጣ በወረቀት ታትሞ በሚሸጥበት ጊዜ የማስታወቂያን ዋጋ የሚከፍለው ማን እንደሆነ ግልጽ ነው። ነጋዴው ለአሳታሚው ይከፍላል፤ አሳታሚው በገንዘቡ ወረቀትና ቀለም ይገዛል፤ አንባቢውም ጋዜጣውን በረከሰ ዋጋ ያገኛል። ማስታወቂያውን ያልፈለገ ሰው ገጹን ቢገለብጠው የሚጎድልበት ነገር የለም። ጽሑፉ ወደ ድረ ገጽ ሲዛወር ግን ሒሳቡ ይለወጣል። ደሴ ፒያሳ ወይም ኮምቦልቻ ከተማ ውስጥ ሆኖ በእጅ ስልኩ አንድ ዜና የሚከፍት ሰው፣ ዜናውን ብቻ ሳይሆን አብሮት የሚመጣውን የማስታወቂያ ሥዕል ሁሉ ከራሱ የኢንተርኔት ጥቅል እየከፈለ ያወርደዋል። በዚህም ላይ ጊዜውን፣ የባትሪውን ኃይልና ትኩረቱን ይከፍላል።

በሌላ በኩል ድረ ገጽ ያለ ገቢ አይቆምም። የአካባቢውን ዜና፣ የእህል ገበያ ዋጋና የጨረታ ማስታወቂያ ለደሴና ለኮምቦልቻ ነዋሪ ለማቅረብ የሚነሳ ወጣት፣ ከማስታወቂያ የተሻለ የገቢ ምንጭ ማግኘት ይቸግረዋል። ስለዚህ ጥያቄው ማስታወቂያ ይኑር ወይስ አይኑር የሚል አይደለም። ስንት ይሁን? የት ይቀመጥ? እንዴትስ ይቅረብ? የሚል ነው። ይህ ጽሑፍ ጥያቄውን በልኬትና በስሌት ለመመርመር ይሞክራል። ለስሌቱ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ ያለፈ ዕውቀት አያስፈልግም።

1. አንድ ማስታወቂያ ስንት ይመዝናል?

በመጀመሪያ የጽሑፍን ክብደት እንመልከት። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛው የዩኒኮድ እትም ውስጥ የራሱን ቦታ አግኝቷል። በድረ ገጽ ላይ በብዛት በሚሠራበት ዩቲኤፍ-8 በተባለው የአጻጻፍ ሥርዓት እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። አንድ የአማርኛ ቃል በአማካይ 5 ፊደላት አሉት ብንል 15 ባይት ይሆናል፤ በቃላት መካከል ያለውን ባዶ ቦታ ስንጨምር 16 ባይት። እንግዲህ የ1,000 ቃላት ጽሑፍ የሚመዝነው 16,000 ባይት ወይም 16 ኪሎባይት ያህል ብቻ ነው።

የማስታወቂያ ሥዕል ግን በቀላሉ 200 ኪሎባይት ይደርሳል። በአንድ ገጽ ላይ እንዲህ ያሉ 4 ሥዕሎች ቢቀመጡ ድምሩ 800 ኪሎባይት ነው። ይህም የ50 ጽሑፎችን ክብደት ያህላል። አንባቢው አንድ ጽሑፍ ለማንበብ ሲል የ51 ጽሑፎችን ዋጋ ይከፍላል ማለት ነው።

አሁን ክብደቱን ወደ ጊዜና ወደ ገንዘብ እንመንዝረው። የመስመሩ ፍጥነት በሰከንድ 1 ሜጋቢት ነው እንበል። አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ ጽሑፉ ለመድረስ 0.13 ሰከንድ ይበቃዋል፤ ማስታወቂያዎቹ ግን 6.4 ሰከንድ ይወስዳሉ። ጎግል ለድረ ገጽ ሠሪዎች ባወጣው መመዘኛ የገጹ ዋና ይዘት በ2.5 ሰከንድ ውስጥ መታየት ይኖርበታል። ማስታወቂያዎቹ ከጽሑፉ ቀድመው እንዲወርዱ ከተደረገ ይህ ገደብ ከእጥፍ በላይ ይታለፋል። የገጹን ሌሎች ክፍሎች ለጊዜው ትተን ብናሰላ፣ 100 ሜጋባይት ጥቅል የገዛ ሰው አራቱ ሥዕሎች ያሉበትን ገጽ 122 ጊዜ ያህል ብቻ መክፈት ይችላል። በአራቱ ፋንታ አንድ ባለ 50 ኪሎባይት ማስታወቂያ ቢኖር ኖሮ ከ1,500 ጊዜ በላይ ይከፍት ነበር።

ከዚህ የምንረዳው አንድ ቁም ነገር አለ። ፈጣን መስመር ባለበት ቢሮ ተቀምጦ የተሠራና በዚያው ቢሮ የተፈተነ ገጽ፣ ጥቅሉን እየቆጠረ ለሚያነብ ሰው ሌላ ገጽ ነው። ፈተናው መደረግ ያለበት አንባቢው ባለበት ቦታ፣ አንባቢው በሚይዘው ስልክና አንባቢው በሚገዛው መስመር ነው።

2. የሚዘል ገጽ

ብዙዎቻችን የምናውቀው ነገር ነው። ጽሑፉ ተከፍቶ ሁለተኛውን መስመር ማንበብ ስንጀምር፣ ዘግይቶ የደረሰ ማስታወቂያ ከላይ ገብቶ ጽሑፉን ወደ ታች ይገፋዋል። ዓይናችን ያነበበውን መስመር ያጣል፤ አንዳንዴም ጣታችን ሳናስበው ማስታወቂያው ላይ ያርፋል።

ይህ መዝለል በቁጥር ሊለካ ይችላል። ሁለት ክፍልፋዮች ይባዛሉ። የመጀመሪያው በእንቅስቃሴው የተነካው የስክሪን ስፋት ሲሆን፣ ሁለተኛው ይዘቱ የተጓዘው ርቀት ከስክሪኑ ቁመት ጋር ሲነጻጸር ነው። ለምሳሌ ጽሑፉ ከስክሪኑ አናት 20 በመቶ ወርዶ ይጀምርና 80 በመቶው ላይ ያበቃል እንበል። ማስታወቂያው በ20 በመቶ ወደ ታች ቢገፋው አዲሱ ቦታው ከ40 እስከ 100 በመቶ ይሆናል። አሮጌውና አዲሱ ቦታ በአንድነት የሚሸፍኑት ከ20 እስከ 100፣ ማለትም 80 በመቶውን ነው። ስለዚህ 0.8 × 0.2 = 0.16 እናገኛለን። በዚሁ በጎግል መመዘኛ ጥሩ የሚባለው ከ0.1 ያልበለጠ ውጤት ነው። በአንድ ማስታወቂያ ብቻ ገደቡን አለፍን ማለት ነው።

መድኃኒቱ ቀላልና ወጪ የሌለው ነው። ገጹ ሲሠራ ለማስታወቂያው የሚሆነው ባዶ ቦታ በልኩ አስቀድሞ ይያዝለታል። ማስታወቂያው ዘግይቶ ቢደርስም የተያዘለት ቦታ ላይ ይቀመጣል እንጂ ማንንም አይገፋም።

በስሕተት የተጫነ ማስታወቂያ ለድረ ገጹ ባለቤት ትርፍ መስሎ ሊታየው ይችላል። ሆኖም ሳያስብ የተጫነው አንባቢ ወዲያው ይመለሳል፤ ነጋዴው ከፍሎ ያገኘው ሰው የለም። ነጋዴው ይህን ሲረዳ ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ የሚከፍለውን ይቀንሳል ወይም ጨርሶ ይተወዋል።

3. ዓይን የለመደውን አያይም

የመጀመሪያዎቹ የድረ ገጽ የሰሌዳ ማስታወቂያዎች የወጡት እ.ኤ.አ. ጥቅምት 27 ቀን 1994 ሆትዋየርድ በተባለው የአሜሪካ ድረ ገጽ ላይ ነው። ከእነርሱ መካከል የስልክ ኩባንያው ኤቲ ኤንድ ቲ ያወጣውን ካዩት ሰዎች ከመቶ 44 ያህሉ እንደተጫኑት በሰፊው ይነገራል። ዛሬ እንዲህ ያለ የሥዕል ማስታወቂያ ከመቶ ተመልካች አንዱን እንኳ ካስጫነ እንደ ትልቅ ውጤት ይቆጠራል። የሰው ዓይን አልደከመም፤ ለመደ እንጂ።

በራይስ ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩት ጃን ቤንዌይና ዴቪድ ሌን እ.ኤ.አ. በ1998 ባቀረቡት ጥናት፣ በድረ ገጽ ላይ አንድ ነገር የሚፈልጉ ሰዎች ጎልቶ እንዲታይ ሆን ተብሎ የተሠራውን ሰሌዳ ብዙ ጊዜ ሳያዩት እንደሚያልፉ አሳዩ። የሚፈልጉት መረጃ እዚያው ሰሌዳ ላይ ተጽፎ ሳለ ማለት ነው። ሁኔታውንም «የሰሌዳ ዕውርነት» የሚል ትርጉም ያለው ስያሜ ሰጡት።

የፊዚክስ ተማሪ ይህን ሲሰማ በ19ኛው መቶ ዘመን የኖረውን የጀርመናዊውን የኤርንስት ቬበርን ሕግ ያስታውሳል። በጨለማ ክፍል ውስጥ አንድ ሻማ ቢበራ ሁሉም ያየዋል፤ መቶ ሻማ በሚነድበት አዳራሽ ውስጥ ግን አንድ ሻማ ቢጨመር ልብ የሚለው የለም። የስሜት ሕዋሳችን የሚለካው የተጨመረውን መጠን ለብቻው ሳይሆን ቀድሞ ከነበረው ጋር ያለውን ንጽጽር ነው። በማስታወቂያ በተጨናነቀ ገጽ ላይ ሌላ ማስታወቂያ መጨመርም እንደዚሁ ነው። አዲሱ ብዙም አይታይም፤ የቀድሞዎቹንም ያደበዝዛቸዋል።

4. ጫፉ የት ነው?

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። በአንድ ገጽ ላይ ስንት ማስታወቂያ ይቀመጥ? ለመልሱ የሚረዳ አንድ ቀላል ምሳሌ እንሥራ። ቁጥሮቹ ለስሌት የተወሰዱ እንጂ ከየትኛውም ድረ ገጽ የተገኙ አይደሉም።

ማስታወቂያ የሌለበት አንድ ገጽ በወር 10,000 ጊዜ ይነበባል እንበል። እያንዳንዱ ማስታወቂያ ሲጨመር ደግሞ ከመጀመሪያው ቁጥር 12.5 በመቶ፣ ማለትም 1,250 ንባብ ይቀንሳል እንበል። ገቢው የሚወሰነው በታዩት ማስታወቂያዎች ብዛት ነው፤ ይህም የማስታወቂያው ብዛት በንባቡ ብዛት ሲባዛ የሚገኝ ነው።

1 ማስታወቂያ፦ 8,750 ንባብ፣ 8,750 ዕይታ
2 ማስታወቂያ፦ 7,500 ንባብ፣ 15,000 ዕይታ
3 ማስታወቂያ፦ 6,250 ንባብ፣ 18,750 ዕይታ
4 ማስታወቂያ፦ 5,000 ንባብ፣ 20,000 ዕይታ
5 ማስታወቂያ፦ 3,750 ንባብ፣ 18,750 ዕይታ
6 ማስታወቂያ፦ 2,500 ንባብ፣ 15,000 ዕይታ

በግራፍ ሲቀመጥ ፓራቦላ ይሆናል፤ ጫፉም 4 ላይ ነው። ቸኩሎ ያየ ሰው «እንግዲያው አራት ይሁን» ብሎ ሊደመድም ይችላል። ነገር ግን ከአራት ወደ ሦስት ብንመለስ ምን እናጣለን? ከ20,000 ዕይታ 1,250፣ ማለትም 6.25 በመቶ ብቻ። ምን እናገኛለን? ንባቡ ከ5,000 ወደ 6,250 ያድጋል፤ ይህም 25 በመቶ ጭማሪ ነው።

ይህ የአጋጣሚ ነገር አይደለም። የጦሳን ተራራ የወጣ ሰው እንደሚያውቀው፣ ዳገቱ አድካሚ የሚሆነው በጎኑ ላይ እንጂ ከጫፉ አጠገብ አይደለም። በማንኛውም ለስላሳ ጎባጣ መስመር ጫፍ ላይ ተዳፋቱ ዜሮ ስለሆነ፣ ከጫፉ ጥቂት መራቅ የሚያስከትለው ጉዳት እጅግ አነስተኛ ነው። ጉዳቱ የሚያድገው በርቀቱ ካሬ ነው። የአንባቢው መስመር ግን ጫፍ የሌለው ቀጥ ያለ ቁልቁለት ስለሆነ፣ ወደ ኋላ የተወሰደው እያንዳንዱ እርምጃ ሙሉ ጥቅም ይሰጣል። ስለዚህ ብልህ የድረ ገጽ ባለቤት የሚቆመው ከጫፉ ላይ ሳይሆን ከጫፉ መለስ ብሎ ነው። በትንሽ ገቢ ብዙ አንባቢ ይገዛል፤ ነገ ማስታወቂያ የሚያመጣለት ያ አንባቢ ነው።

5. የአንድ ወር ልኬት ያታልላል

አንባቢ በአንድ ቀን አይሸሽም። ዛሬ የተማረረ ሰው ነገም ይመጣል፤ ከነገ ወዲያም ምናልባት። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን መምጣቱን ያቆማል። ስለዚህ ማስታወቂያ በጨመርንበት ወር የሚታየው የገቢ ዕድገት እውነት ቢሆንም ሙሉ አይደለም።

ይህን በጥሩ ሁኔታ ያሳየው ፓንዶራ በተባለው የአሜሪካ የኢንተርኔት ሬዲዮ ላይ የተደረገው ሙከራ ነው። ወደ 35 ሚሊዮን የሚጠጉ አድማጮች በዕጣ በዘጠኝ ቡድን ተከፍለው፣ ለ21 ወራት በየቡድናቸው የተለያየ የማስታወቂያ መጠን እንዲሰሙ ተደረገ። ሁለት ውጤቶች ተገኙ። አንደኛ፣ የማዳመጫው ሰዓት ከማስታወቂያው ብዛት ጋር በቀጥተኛ መስመር ይቀንሳል፤ ከላይ በምሳሌያችን የወሰድነውም ይህንኑ ዓይነት ቀጥተኛ ዝምድና ነው። ሁለተኛ፣ በረጅሙ ጊዜ የታየው የአድማጭ ሽሽት በአንድ ወር ሙከራ ሊታይ ከሚችለው ሦስት እጥፍ ነበር።

ሦስት እጥፍ የተባለው የዚያ ሬዲዮ ቁጥር እንጂ የሁሉም አይደለም። ቢሆንም በእኛ ምሳሌ ውስጥ ብናስገባው ምን ይከተላል? በመጀመሪያው ወር የሚታየው ቅነሳ 12.5 በመቶ ሳይሆን ሲሶው፣ ማለትም 4.2 በመቶ ያህል ይሆናል። በዚህ የሚያሰላ ሰው ጫፉን 12 ማስታወቂያ ላይ ያገኘዋል። በእውነተኛው መስመር ላይ ግን ማስታወቂያው 8 ሲደርስ አንባቢ አልቋል። በአንድ ወር ሒሳብ ትልቁን ገቢ ያሳየው ውሳኔ፣ በዓመቱ መጨረሻ ባዶ ገጽ ያስታቅፋል።

የጎግል ተመራማሪዎች ሄኒንግ ሆንሆልድ፣ ዲርድሬ ኦብራየንና ዳያን ታንግ እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ጥናትም ተመሳሳይ ነገር እናገኛለን። ተጠቃሚዎች በማስታወቂያ ጥራት ላይ ተመሥርተው ማስታወቂያን መመልከትን እንደሚማሩ፣ ወይም ችላ ማለትን እንደሚማሩ ለኩ። ጥናቱን መሠረት በማድረግ በእጅ ስልክ ፍለጋ ላይ የሚታየው የማስታወቂያ ጫና በግማሽ እንዲቀነስ ተደረገ፤ በረጅም ጊዜ ሲሰላ ውሳኔው ገቢን እንደማይጎዳ፣ እንዲያውም እንደሚጠቅም ገመቱ። ከማስታወቂያ የሚኖር ታላቅ ኩባንያ ማስታወቂያ የቀነሰው ለአንባቢ በማዘን ብቻ አልነበረም።

6. የሚፈለግ ማስታወቂያ

እስካሁን ማስታወቂያን ሁሉ እንደ ሸክም ቆጠርነው። በአገራችን ግን የተለየ ታሪክም አለ። በ1933 ዓ.ም. የተመሠረተውን አዲስ ዘመን ጋዜጣን የጨረታ ማስታወቂያውን ብቻ ለማየት የሚገዛ ነጋዴ ብዙ ነው። በአዲስ አበባ አራት ኪሎ አካባቢ ጋዜጣ በኪራይ እያነበቡ ክፍት የሥራ ቦታ የሚፈልጉ ወጣቶች ለብዙ ዓመታት የታወቁ ነበሩ። እነዚህ ሰዎች ማስታወቂያውን ለማየት ራሳቸው ገንዘብ ይከፍሉ ነበር። ለእነርሱ ዋናው ይዘት ማስታወቂያው ነው።

በመገናኛ ሳይንስ ምልክትና ሁካታ የሚባሉ ሁለት ነገሮች አሉ። ሬዲዮ ስናዳምጥ የምንፈልገው ጣቢያ ምልክት ነው፤ ሌላው ሁሉ ሁካታ ነው። ያው ጣቢያ ግን ለጎረቤታችን ሁካታ ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ ያለው በሞገዱ ላይ ሳይሆን በአድማጩ ፍላጎት ላይ ነው። የሥራ ማስታወቂያም ለሥራ ፈላጊው ምልክት፣ የዝናብ ትንበያ ለሚያነበው ገበሬ ሁካታ ነው።

ከዚህ በመነሳት ስለ አቀማመጥ ሁለት ነገር ማለት ይቻላል። አንደኛ፣ ጨረታ፣ ክፍት የሥራ ቦታና የቤት ኪራይ የራሳቸው ገጽ ይኑራቸው፤ ፈላጊው ራሱ ይሄድባቸዋል፤ የፈለገውን ያህል ቢበዙም ማንንም አያስቸግሩም። ሁለተኛ፣ በጽሑፍ አጠገብ የሚቀመጠው ማስታወቂያ ከጽሑፉ ጋር ይዛመድ። ስለ ጤፍ ዋጋ በሚያወራ ዜና ሥር የወፍጮ ቤት ወይም የምርጥ ዘር ማስታወቂያ ቢቀመጥ፣ ከስፖርት ዜና ሥር ከሚቀመጠው የተሻለ ይታያል። በዚህም የማስታወቂያው ብዛት ሳይጨምር ዋጋው ይጨምራል።

7. በራሳችን እንለካ

የሌላ አገር ቁጥር ለእኛ አቅጣጫ ያሳያል እንጂ መልስ አይሆንም። መልሱን ለማግኘት አንባቢዎችን በዕጣ በሁለት ቡድን መክፈል፣ ለአንዱ ሁለት፣ ለሌላው ሦስት ማስታወቂያ ማሳየትና ከየቡድኑ ስንቱ ተመልሶ እንደመጣ ለብዙ ወራት መቁጠር ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ከእያንዳንዱ ቡድን 1,000 ሰዎች ቢኖሩና 40 በመቶ ያህሉ ቢመለሱ፣ በሁለቱ ቡድኖች መካከል በአጋጣሚ ብቻ እስከ 4.4 በመቶ ነጥብ የሚደርስ ልዩነት ሊታይ ይችላል። (ስሌቱ፦ 0.4 × 0.6 × 2 ÷ 1,000፤ የዚህ ካሬ ሥር ሁለት ጊዜ ሲወሰድ።) የ2 ነጥብ ልዩነት አይቶ የሚወስን ሰው፣ ሳንቲም ወርውሮ ከሚወስነው ብዙም አይሻልም። አንባቢው 10,000 ሲሆን ግን ይህ የአጋጣሚ ወሰን ወደ 1.4 ይወርዳል።

ማጠቃለያ

ከላይ የተባለውን ወደ ተግባር ስንመልሰው የሚከተሉት ነጥቦች ይገኛሉ።

ሀ. ጽሑፉ ይቅደም፤ ማስታወቂያው ይከተል። የእያንዳንዱ ማስታወቂያ ክብደት ገደብ ይውጣለት።
ለ. ለማስታወቂያ የሚሆነው ቦታ በልኩ አስቀድሞ ይያዝ።
ሐ. ማስታወቂያ የሚገባው አንቀጽ ካለቀ በኋላ እንጂ በዐረፍተ ነገር መሐል አይሁን፤ «ማስታወቂያ» የሚል ጽሑፍም ይኑረው።
መ. ጽሑፍ ሸፍኖ ብቅ የሚል፣ ሳይጠየቅ ድምፅ የሚያሰማ፣ ብልጭ ድርግም የሚል ማስታወቂያ አይግባ። ለተሻሉ ማስታወቂያዎች የተቋቋመው ዓለም አቀፍ ጥምረት እነዚህን ከልክሏል፤ በእጅ ስልክ ላይም ማስታወቂያ ከይዘቱ ቁመት 30 በመቶ እንዳይበልጥ ወስኗል። ክሮም የተባለው ማሰሻ እ.ኤ.አ. ከየካቲት 15 ቀን 2018 ጀምሮ ይህን ደንብ በተደጋጋሚ በሚጥሱ ገጾች ላይ ማስታወቂያን ይከለክላል።
ሠ. ብዛቱ ከገቢው ጫፍ መለስ ያለ ይሁን።

የአንባቢ ትዕግሥት እንደ ጉድጓድ ውኃ ነው፤ በልኩ ከቀዱት ይተካል፤ አሟጠው ከጨለጡት ግን ባልዲ መጨመር ውኃ አይጨምርም። ከተማውን የሚያህል አንባቢ ብቻ ያለው የደሴ ወይም የኮምቦልቻ ድረ ገጽ ይህን ከማንም በላይ ማስታወስ ይገባዋል፤ የሸሸበትን አንባቢ የሚተካ ሌላ ሕዝብ የለውምና።

መልመጃ

1. የ1,500 ቃላት ጽሑፍና እያንዳንዳቸው 120 ኪሎባይት የሆኑ ሁለት ማስታወቂያዎች በሰከንድ ግማሽ ሜጋቢት በሚያስተላልፍ መስመር በስንት ሰከንድ ይደርሳሉ?
2. እያንዳንዱ ማስታወቂያ ንባብን ከመጀመሪያው ቁጥር በ10 በመቶ የሚቀንስ ቢሆን የገቢው ጫፍ የት ነው? አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብንመለስ ምን እናጣለን? ምንስ እናገኛለን?
3. 40 በመቶ አንባቢ በሚመለስበት ገጽ ላይ የ2 በመቶ ነጥብ ልዩነትን ከአጋጣሚ ለመለየት በእያንዳንዱ ቡድን ስንት ሰው ያስፈልጋል?

መልስ፦ 1. 4.2 ሰከንድ ያህል። 2. አምስት ማስታወቂያ ላይ፤ ወደ አራት ስንመለስ ከገቢው 4 በመቶ እናጣለን፣ በንባብ 20 በመቶ እናገኛለን። 3. 4,800 ሰው።